ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል፤ የትኛው ፒስተን ይሻለኛል?

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ጥያቄ ጽፎ ክሩን (የጥያቄና መልስ ተርታውን) የከፈተው ሰው ምርመራውን ጨርሶ ግዢ ላይ የደረሰ ይመስል ነበር። መኪናው ባለ 2.0 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አለው። በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ የቼክ ኢንጅን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ስካነር ሲሰካ ፒ0302 የሚል ኮድ አገኘ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል፣ ማለትም ነዳጁ በትክክል አይቀጣጠልበትም ማለት ነው። አራቱንም ካንዴላ ቀየረ፣ ለሁለተኛው አዲስ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ገዛ፣ ለውጥ የለም። ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ሲለካ ከአንደኛው እስከ አራተኛው 180፣ 95፣ 178 እና 182 ፒኤስአይ አነበበ። በቃ ፒስተኑ ሄዷል ብሎ ደመደመ። የፋብሪካውን ዓይነት ፒስተን ይግዛ ወይስ ተቀጥቅጦ የተሠራውን፣ ኦቨርሳይዙስ (ከመደበኛው የሚሰፋበት መጠን) ስንት ይሁን ሲል ጠየቀ። ሞተሩ ከተፈታ አይቀር ኮምፕሬሽኑን ከፍ የሚያደርግ ፒስተን ቢያስገባስ የሚል ምኞትም ጨምሮበታል።

መልስ 1 ወዲያው ደረሰ። ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን ዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ሌላውን ማሰብ ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለው መልስ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ ማሰብ አይጠይቅማ።

መልስ 2 ሞተር ገጣጥመው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጠያቂው ከዚህ በኋላ ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። እሳቸው ስለ ፒስተን አንድ ቃል አልተነፈሱም። የጠየቁት ኮምፕሬሽኑ እንዴት እንደተለካ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ ነበር? አራቱም ካንዴላ ወጥቶ ነበር? የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነበር? ባትሪው ሙሉ ነበር? ሞተሩስ ለየሲሊንደሩ እኩል ጊዜ ዞሯል? ለዚህ ምክንያታቸውንም አስረዱ። የአየር መግቢያው ተዘግቶ የተለካ ኮምፕሬሽን አራቱንም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። አንዱን ብቻ ወደ ግማሽ የሚያወርድ ግን የአለካክ ስህተት አይደለም፤ ስለዚህ 95 ችግሩ የት እንዳለ ተናግሯል፣ ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሲቃጠል፣ የቫልቭ ክፍተት ሲጠብ፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ሲበላ፣ ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ሲሰበር፣ ሁሉም ጌጁ ላይ 95 ሊሆኑ ይችላሉ። ጓርኒሲዮኑ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ቢበላ ኖሮ ጎረቤቱም አብሮ ይወርድ እንደነበር ጠቁመው፣ የአንደኛውና የሦስተኛው ቁጥር ደህና መሆኑ አንዱን ጥርጣሬ እንደሚያዳክም አከሉ።

መልስ 3 በትሕትና ቢሆንም ወቀሳ ነበረው። ኮይል ከመግዛት ይልቅ የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው ማዛወር ይበቃ ነበር፤ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተከተለ ኮይሉ ነው፣ ባለበት ከቀረ አይደለም። ካንዴላም፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። ከዚያ በላይ ግን ያሳሰበው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ነው። ዝም ብሎ የሚበራ መብራትና ብልጭ ድርግም የሚል አንድ አይደሉም። ብልጭ ድርግም የሚለው ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ሊያቀልጠው ነው ማለት ስለሆነ፣ መኪናው በዚህ ሁኔታ ባይነዳ ይሻላል አለ። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሰው አንብቦ ያልፈዋል፤ እዚህም ማንም አልመለሰለትም።

ለእኔ ከክሩ ሁሉ ብልሁ መልስ 4 ነው። ሰውየው ኮምፕሬሽን ዝቅ ማለቱ ራሱ የሚስ ማድረጉ ውጤት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አመጣ። ኢንጀክተሩ ተከፍቶ ከቀረ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል። ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚገጥመው በዘይት ስስ ሽፋን ነውና ዘይቱ ሲታጠብ ደህና ፋሻም ያፈሳል። መልስ 5 ነገሩን በአንድ መስመር ቀልድ አድርጎ አለፈ፤ በቤንዚን መታጠብ ብቻ ከ180 ወደ 95 የወረደ ሞተር አይቶ አያውቅም። የመልስ 4 ባለቤት በመልስ 6 ሳይቆጣ መለሰ። ለረጅም ጊዜ እየተነሳ የጠፋ ሞተር ላይ ይህ እንደሚደርስ አስረዳና ጠያቂውን ሁለት ነገር እንዲያይ ለመነው፦ የሁለተኛው ካንዴላ በቤንዚን ርሷል ወይ? የሞተር ዘይቱስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል? ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሶ ሞተሩን ጥቂት አዙሮ ደግሞ እንዲለካ። ቁጥሩ ካልተነሳ ጥፋቱ ከቫልቭ ወይም ከጓርኒሲዮን ወገን ነው፤ ከተነሳ ከፋሻና ከግድግዳ ወገን። ይሁን እንጂ የታጠበ ግድግዳም የተሰበረ ፋሻም በዘይት ስለሚነሱ ይህ ፍተሻ ሁለቱን ለይቶ አይነግርህም አለ፤ የካንዴላው ጥያቄ የመጣው ለዚህ ነው።

ጠያቂው በመልስ 7 ተመለሰ። ካንዴላው ቤንዚን የለበትም፣ ዘይት የቀባው ጥቁር ጥላሸት አለበት። ዘይት ሲጨመር 95 የነበረው 140 ሆነ። መልስ 8 እንኳን ደስ ያለህ፣ ፋሻ ነው ብሎ ክሩን ሊዘጋው ሞከረ።

መልስ 9 ላይ ግን እኚያ ጋሼ ቴስታታውን ከማንሳት በፊት አንድ ፍተሻ እንዲቀድም አጥብቀው ጠየቁ። የሁለተኛውን ፒስተን ወደ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ወደሚዘጉበት የኮምፕሬሽን ጫፍ አምጥቶ በካንዴላው ቀዳዳ 100 ፒኤስአይ የታመቀ አየር መስደድ፣ ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ ማንበብ፣ ከዚያ ጆሮን ማስጠጋት ነው። አየሩ በአየር መግቢያው በኩል ካፏጨ የመግቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታው ከተሰማ የማውጫ ቫልቭ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከሠራ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ከወጣ ፋሻና ፒስተን። ሌላ ጊዜ ሰዎች መልሳቸውን በምስጋና ሲጀምሩ፣ መልስ 10 ግን በድንጋጤ ጀመረ። ፒስተኑ ከጫፉ ትንሽ ካለፈ አየሩ ሞተሩን በኃይል ስለሚያዞረው ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ ቁልፍ ተሰክቶ መቅረት የለበትም፤ የወዳጁን ክንድ የሰበረው እንዲህ ያለ ቁልፍ ነበር።

በመልስ 11 ውጤቱ መጣ። አርባ አምስት በመቶው ያመልጣል፣ በዘይት መሙያው በኩል ይተነፍሳል፣ በማርሚታም በራዲያተርም ምንም የለም። ሌሎቹ ሦስቱ ከ10 በመቶ በታች ናቸው። አሁን የፒስተን ወሬ ማውራት ተገቢ ሆነ።

ግን ክሩ መንገዱን ሳተ። ከ12 እስከ 16 ያሉት መልሶች የነዳጅ ጦርነት ናቸው። አንዱ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን የበለጠ ጉልበት ስላለው ሚስ ማድረጉን ያድን ነበር አለ። ሌላው አላዋቂ ብሎ ሰደበው፤ ሦስተኛው ተሳዳቢውን ሰደበ። በመሐል አንድ ረጋ ያለ ሰው ኦክቴን የጉልበት መለኪያ ሳይሆን ነዳጁ ያለጊዜው ከመፈንዳት የሚያሳየው ጽናት መለኪያ መሆኑን አስቀመጠ። ሌላ ደግሞ ነገሩን ወደ ዘይት ወሰደው። ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩ የቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ያለጊዜው እሳት እየያዙ ፒስተን ይሰብሩ ስለነበር በ2018 የኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 ደግሞ ኤስፒ የተባለው የዘይት ደረጃ እንደወጣ አስታወሰ። እውነት ነው፤ የጠያቂው ሞተር ግን ቱርቦ የለውም። ሌላ ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሚስን የሚያውቀው ከክራንክ ሻፍቱ የፍጥነት መዋዠቅ ስለሆነ ኮረኮንች መንገድ ላይ የሐሰት ኮድ እንደሚወጣ ተናገረ። ይህም እውነት ነው፤ 95 ያነበበ ጌጅ ግን ኮረኮንች አያውቅም።

ክሩን ወደ መስመሩ የመለሰው መልስ 17 ነው። ሰውየው ስለ ግዢ ከመነጋገር በፊት ፒስተኑን ምን ሰበረው የሚለው ይመለስ አለ። ፋሻዎቹ በሚቀመጡባቸው ቦዮች መካከል ያለው ቀጭን የአሉሚኒየም ጠርዝ በእርጅና ብቻ አይሰበርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰብረው ኖኪንግ ነው፤ የቀረው ነዳጅ ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ሲፈነዳ የግፊቱ ማዕበል ጠርዙን ይመታዋል። ኖኪንግ የሚመጣው ኢንጀክተር ተደፍኖ ነዳጁ ሲሳሳ፣ የማቀጣጠያው ጊዜ ሲቀድም፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ አናቱ ላይ ካርቦን ሲከመር፣ የኖክ ሴንሰሩ ሲሞት ነው። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከተጎዳ ደግሞ ለአራቱም የጋራ የሆነውን ትቶ የሁለተኛው የራሱ የሆነውን መፈለግ ይገባል፤ ይኸውም ኢንጀክተሩ ነው። አራቱም ኢንጀክተሮች ወጥተው የሚረጩት መጠን ጎን ለጎን ይለካ አለ። ይህ ሳይታወቅ የሚገባ አዲስ ፒስተን፣ ምንም ዓይነት ይሁን፣ የአሮጌውን መንገድ ይከተላል።

መልስ 18 የጠያቂው ነበር፤ ሞተሩን ፈትቶታል። በአንደኛውና በሁለተኛው ፋሻ መካከል ያለው ጠርዝ ተሰብሮ ቁራሹ እዚያው ተሰክቶ ቀርቷል። ካንዴላው ላይ የአሉሚኒየም ነጠብጣብ አለ። የሁለተኛው ሲሊንደር ግድግዳ በአንድ ጎኑ ከላይ ወደ ታች ተጭሯል፣ ጭረቱም ጥፍር ይይዛል። በሦስቱ ሌሎች ግድግዳ ላይ የፋብሪካው የመስቀል ቅርጽ ጭረት እስካሁን ይታያል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ክርክር መጣ። መልስ 19 አንድ ፒስተን ብቻ ገዝቶ መግጠም ይበቃል አለ። መልስ 20 ይህ የሰነፍ ጥገና ነው ብሎ ጮኸበት። ጋሼው በመልስ 21 ሁለቱንም ከፍለው አዩ። ግድግዳው ንጹሕ ቢሆን፣ ስፋቱም ሞላላነቱም በፋብሪካው ወሰን ውስጥ ቢሆን፣ አንድ መደበኛ ፒስተን ክብደቱ ከሌሎቹ ጋር ተመዝኖ ቢገባ ምንም ነውር የለበትም፤ ብዙ ሞተር እንዲህ ተሠርቶ ይሠራል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ግን በፋሻ አይደፈንም፤ ሲሊንደሩ መስፋት አለበት። ከዚያ አንዱን ብቻ ማስፋትም ይቻላል፣ ኦቨርሳይዙ ፒስተን ክብደቱ ከመደበኛው ጋር እኩል ከሆነ። ለረጅም ጊዜ ለሚያዝ መኪና ግን አራቱንም ያሰፉ ነበር።

መልስ 22 አራቱን ማስፋት ጉልበትም ይጨምራል ብሎ ተደሰተ። መልስ 23 ሒሳቡን አቀረበለት፤ እኔም ደግሜ አሰላሁት፣ ትክክል ነው። ሲሊንደሩ 86 ሚሊሜትር ሰፊ፣ ምቱም (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርቀት) 86 ሚሊሜትር ቢሆን አራቱ ተደምረው 1998 ሲሲ ይሆናሉ። በ0.50 ሚሊሜትር ሲሰፉ 2021 ገደማ ይደርሳሉ። 23 ሲሲ ማንም ነጂ አይሰማውም። የኮምፕሬሽን ምጣኔው 10 ለ 1 የነበረ ከሆነም ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ 10.1 ለ 1 ቢሆን ነው።

የመልስ 1 ባለቤት በ24 ተመልሶ ስለ ቅጥቅጥ ፒስተን የተናገረውን ማንም እንዳልሰማው ቅር ብሎት ጻፈ። መልስ 25 አላዘነለትም። ተቀጥቅጠው የሚሠሩ ፒስተኖች ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም አለ። 2618 የተባለው ቅይጥ ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል። ጠንካራና የማይሰነጠቅ ነው፤ ሲሞቅ ግን በጣም ስለሚሰፋ ከግድግዳው ጋር 0.08 ወይም 0.10 ሚሊሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ክፍተት ይፈልጋል። ጠዋት ብርድ ላይ እስኪሞቅ ድረስ ግድግዳውን እየመታ ይጮኻል። 4032 ደግሞ 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን ስላለው ያን ያህል አይሰፋም። ቀልጠው በቅርጽ ከሚፈሱት መካከል ከ16 እስከ 18 በመቶ ሲሊከን ያላቸው አሉ። በሙቀት ብዙም ስለማይሰፉ በ0.02 እና በ0.05 ሚሊሜትር መካከል ባለ ክፍተት ይገጠማሉ፣ ብርድ ላይም ዝም ይላሉ፣ ኖኪንግ ሲመጣ ግን ይሰበራሉ። ስለዚህ ቱርቦ ለሚጨምር ወይም ለውድድር ለሚያዘጋጅ ሰው ቅጥቅጡ ልክ ነው፤ ለሥራ ለሚመላለስ ሰው የፋብሪካው ዓይነት። ኮምፕሬሽን ከፍ የሚያደርግ ፒስተን የሚለውን ምኞት በተመለከተም፣ በኖኪንግ የተሰበረን ሞተር ለኖኪንግ ይበልጥ ማመቻቸት ይባላል አለ። ስለታም ነው፣ ግን አልተሳሳተም። መልስ 1 ከዚህ በኋላ አልታየም።

መልስ 26 ያላሰብኩትን ጉዳይ ያነሳ ተሞክሮ ነው። ሰውየው ከአንድ ሻጭ ስፋታቸው ልክ የሆኑ ፒስተኖች ገዝቶ ገጠመ። ሞተሩ ተነሳ፣ ኮምፕሬሽኑ ግን በአራቱም እኩል ዝቅ ያለ ሆነ። ለካ ከስፒኖቶው (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር ከሚያያይዘው ፒን) መሐል እስከ አናቱ ያለው ቁመት ከአሮጌዎቹ ያነሰ ነበር፤ በተመሳሳይ ስም የሚጠራ ግን ምቱ የሚለይ ሌላ ሞተር ፒስተን ነው። ቁመቱ በልጦ ቢሆን ኖሮ ቫልቮቹን ሊመታ ይችል ነበር። ስለዚህ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ቁመት፣ አናቱ ላይ ያለውን ጉድጓድና የቫልቭ ቦዮች፣ የስፒኖቶውን ውፍረት፣ የፋሻዎቹን ውፍረት ከአሮጌው ጋር አነጻጽሩ አለ። መልስ 27 አንድ የተለመደ ስህተት አስተካከለ። ፒስተን አናቱ ላይ አይለካም። አናቱ ሆን ተብሎ ጠቧል፣ ጎኑም ፍጹም ክብ አይደለም። የሚለካው በታችኛው ጎኑ፣ ከስፒኖቶው በ90 ዲግሪ፣ ሠሪው በጻፈው ከፍታ ላይ ነው።

ጠያቂው 0.50 ወይስ 0.25 ብሎ ደግሞ ሲጠይቅ ጋሼው በመልስ 28 ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አሉ። መጠኑን የሚመርጠው ጭረቱ ነው፣ አንተ አይደለህም ነው ነገሩ። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ ጭረቱ በ0.25 የሚጠፋ ከሆነ 0.25፣ ካልሆነ 0.50። ከዚያ ፒስተኖቹ መጀመሪያ ይገዙ፣ እያንዳንዱም ይለካ፣ ቁጥር ተጽፎባቸው ለቶርኖ ቤት ይሰጡ፣ ሲሊንደሩም ለየፒስተኑ ልክ ይሰፋ። ሲሊንደር አስፍቶ ፒስተን ፍለጋ የወጣ ሰው ስፋቱን መልሶ ማጥበብ አይችልም። የፋሻው ጫፎች ክፍተትም ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በመለኪያ ስስ ብረት ይታይ፤ ሠሪው ካልጻፈ በስተቀር የሲሊንደሩን ስፋት በ0.004 ማባዛት መነሻ ይሆናል፣ ለ86.5 ሚሊሜትር 0.35 ገደማ። ክፍተቱ ከጠበበ ጫፎቹ ሲሞቁ ተገናኝተው ያንኑ ጠርዝ ይሰብሩታል። ምልክት ያለበት የፋሻ ፊት ወደ ላይ፣ አናቱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ፊት፣ የስፒኖቶው መያዣ ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ። ቀስቱ ለጌጥ አይደለም፤ ስፒኖቶው በብዙ ሞተሮች ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን ስለሚወጣ የተገለበጠ ፒስተን ያንኳኳል።

በመልስ 29 ጠያቂው ውጤቱን አመጣ። የሁለተኛው ኢንጀክተር ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነዳጅ ይረጭ ነበር፤ ታጥቦም አልተስተካከለም፣ ተቀየረ። አራቱም ሲሊንደሮች በ0.50 ሰፉ፣ የፋብሪካው ዓይነት ፒስተን ገባ፣ ኮምፕሬሽኑም ገና ፋሻው ሳይላመድ በ165 እና በ170 መካከል ሆነ። ኮዱ አልተመለሰም።

ከ30 እስከ 33 አዲስ ሞተር እንዴት ይለማመድ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት ሃይማኖት አለ። አንዱ ወገን ቀስ ብሎ፣ ሌላው እየረገጡ ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ በልኩ። ፋሻውን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ከኋላው የሚገባው የጋዝ ግፊት ነውና መጠነኛ ጭነት ያስፈልገዋል፤ እየረገጡ ማፍጠን፣ ከዚያ ፔዳሉን ለቆ በማርሽ ማቀዝቀዝ። በሚኒሞ ለረጅም ሰዓት ማስነሳት ግድግዳውን ያለሰልሳል፣ ፋሻውም ሳይቀመጥ ይቀራል። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ እንዲቀየር ግን ሁሉም ተስማሙ፣ የብረት ብናኝ ስለሚይዝ።

መልስ 34 የናፍጣ ሞተር ያለው አዲስ ሰው ነው። በዚሁ ጌጅ ለመለካት አስቦ ስንት ማንበብ እንዳለበት ጠየቀ። ጋሼው በ35 እንዳይሞክር አስቆሙት። ደህና ናፍጣ ከ300 እስከ 500 ፒኤስአይ ስለሚሰጥ የቤንዚኑ ጌጅ አይችለውም። የራሱን ጥያቄ እንዲከፍትና ጭሱ ነጭ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መሆኑን መጀመሪያ እንዲጽፍ ነገሩት።